አጨበጨብንለት፤ የሚያሰለጥነውስ ማነው?

ይሄን አይነት ቪዲዮ ሳታዩ አልቀራችሁም። ሰርግ ነው። ዲጄው የጎጃም ዘፈን ለቋል፣ መሃል ላይ ዳውን ሲንድሮም ያለበት አንድ ወጣት እስክስታ ይመታል። ትከሻው ምቱን አይስትም። ዙሪያውን የቆመው ሰው ስልኩን አውጥቶ ይቀርጻል፣ ያጨበጭባል፣ እናቶች እልል ይላሉ። ማታ ቪዲዮው ቲክቶክ ላይ ይወጣል፤ ኮሜንቱም ይጎርፋል። «የዋህ!» «እነሱ እኮ መላእክት ናቸው።» «አስለቀሰኝ።» «እግዚአብሔር ይማርህ።»

እኛም ላይክ አድርገን፣ ልብ ለጥፈን አልፈናል። አንዴ ሳይሆን ብዙ ጊዜ።

ዛሬ ግን ሳንጠይቀው ያለፍነውን ጥያቄ ይዘን መጥተናል። ይሄ ልጅ ሰርጉ ካለቀ በኋላ ዳንስ በደንብ መማር ቢፈልግ የት ይሄዳል? ማክሰኞ ከሰዓት፣ ካሜራ በሌለበት፣ «ግራ ትከሻህ ዘገየ፣ እስቲ እንደገና» የሚለው አሰልጣኝ ማነው? አብዛኞቻችን መልስ የለንም። ለማጨብጨብ መቶ ሰው አለ፤ ለማሰልጠን ግን አንድ ሰው ማግኘት ይከብዳል።

ስለዚህ ሦስት ነገር እናያለን፦ በሩ የሚዘጋው የት ላይ እንደሆነ፣ ሌላ ሀገር ያሉ ሰዎች እንዴት እንደከፈቱት፣ እና እኛ ጋ ምን ማድረግ እንደሚቻል።

መጀመሪያ ቃሉን እናጥራ

የአእምሮ እድገት ውስንነት ከልጅነት ጀምሮ ያለ ሁኔታ ነው። ይህ ያለበት ሰው አዲስ ነገር ለመማር፣ የተወሳሰበ ነገር ለመረዳት፣ የዕለት ኑሮውን ለብቻው ለመምራት ከሌላው የበለጠ ጊዜ ወይም እገዛ ይፈልጋል። ደረጃው ከሰው ሰው ይለያያል። አንዱ ብቻውን ታክሲ ተሳፍሮ ሥራ ይሄዳል፤ ሌላው ልብስ ለመልበስም ሰው ያስፈልገዋል።

ብዙ ጊዜ ከአእምሮ ሕመም ጋር ይምታታል። አንድ አይደሉም። የአእምሮ ሕመም ማንኛችንንም በየትኛውም ዕድሜ ሊገጥመን የሚችል፣ ሕክምናም ያለው ነገር ነው። የአእምሮ እድገት ውስንነት ግን በሽታ አይደለም። አይተላለፍም፣ በክኒን አይጠፋም፣ እርግማንም አይደለም። «ይማርህ» የሚለው ኮሜንት ቦታውን የሳተው ለዚህ ነው፤ ልጁ እየጨፈረ ነው እንጂ ታሞ አልተኛም።

ዳውን ሲንድሮም ከመነሻዎቹ አንዱ ነው። ክሮሞዞም 21 ሁለት መሆን ሲገባው ሦስት ሲሆን ይፈጠራል። የዓለም ዳውን ሲንድሮም ቀን በፈረንጆቹ ማርች 21፣ በእኛ መጋቢት 12 የሚከበረው በዚሁ ምክንያት ነው፦ 3ኛው ወር፣ 21ኛው ቀን። ኦቲዝም ደግሞ ራሱን የቻለ ሌላ ሁኔታ ነው። ኦቲዝም ካለባቸው ሰዎች አንዳንዶቹ የአእምሮ እድገት ውስንነትም አለባቸው፣ ሌሎቹ የለባቸውም።

በሩ የሚዘጋው የት ላይ ነው?

ለዊልቸር ተጠቃሚ መሰናክሉ በዓይን ይታያል። ሕንጻው ደረጃ ብቻ ካለው ሁሉም ሰው «አሃ፣ ችግሩ እዚህ ጋ ነው» ይላል። የአእምሮ እድገት ውስንነት ላለበት ሰው ግን ደረጃው አይታይም። ያለው በአስተማሪው አነጋገርና በክፍሉ ፍጥነት ውስጥ ነው።

የተለመደውን የዳንስ ክፍል አስቡት። አሰልጣኙ ጀርባውን ሰጥቷችሁ መስታወት ፊት ቆሟል። «አምስት፣ ስድስት፣ ሰባት፣ ስምንት!» ብሎ አራት እንቅስቃሴ በአንድ ትንፋሽ ያሳያል። «ያዛችሁ? በሙዚቃ!» ይላል። ስፒከሩ ጆሮ ይበጥሳል። ያልያዘ ሰው ወደ ኋላ ረድፍ ይሄዳል፣ በሦስተኛው ሳምንት ደግሞ ጭራሽ አይመጣም።

እዚህ ክፍል ውስጥ የተፈተነው ምንድነው? ዳንስ አይደለም። ፈጥኖ መሸምደድ ነው። ምት የመስማት፣ አካልን የማዘዝ፣ ስሜትን በእንቅስቃሴ የመግለጽ ችሎታ ያለው ሰው ሽምደዳው ስላቃተው ብቻ «ዳንስ አይችልም» ተብሎ ይወጣል።

ሁለተኛው መሰናክል ቤት ውስጥ ነው። ብዙ ወላጆች ልጃቸውን ከሰው ዓይን የሚደብቁት ስለማይወዱት አይደለም። ይሳቅበታል፣ ይነካብኛል፣ ሰፈር ያወራል ብለው ፈርተው ነው። ሦስተኛው አሰልጣኙ ጋ ነው፤ «ቢጎዳብኝስ? እንዴት እንደማስተምረው አላውቅም» ይላል። ሐቀኛ ፍርሃት ነው። መልስ ግን አለው፤ ትንሽ ቆይተን እንመጣበታለን።

ክፍል ስታጣ ክፍል የከፈተችው ጄን

ጄን ብላክዌል እንግሊዛዊት ናት፣ ዳውን ሲንድሮም አለባት። ከልጅነቷ ጀምሮ መሆን የፈለገችው ዳንሰኛ ነው። ትምህርት ከጨረሰች በኋላ የዳንስ ስልጠና ፍለጋ ለዓመታት በር አንኳኳች። ለእሷ ታስቦ የተዘጋጀ ስልጠና አልነበረም። መዝናኛ ሊሆን የሚችል ነገር ይገኝ ነበር፤ ሙያ የሚሆን ግን የለም።

በመጨረሻ ከእናቷ ከሱ ብላክዌል ጋር በሰሜን ምዕራብ እንግሊዝ፣ ላንክሻየር ውስጥ ዳንስሲንድሮም የሚባል ድርጅት አቋቋሙ። የድርጅቱ አሠራር ላይ ልብ ልንለው የሚገባ ነገር አለ። የዳንስ ክፍለ ጊዜዎቹን የሚመሩት የአእምሮ እድገት ውስንነት ያለባቸው ሰዎች ራሳቸው ናቸው፣ ከባለሙያ ዳንሰኞች ጋር ጎን ለጎን ሆነው። ማለትም ሰልጥነው ሌላውን ያሰለጥናሉ። «እናስገባችሁ» ተብለው የመጡ እንግዶች አይደሉም፤ የቤቱ ባለቤቶች ናቸው።

ጄን ብቻዋን አይደለችም። በእንግሊዝ ማግፓይ ዳንስ ከ1985 ጀምሮ፣ ኮራሊ ደግሞ ከ1989 ጀምሮ የአእምሮ እድገት ውስንነት ካለባቸው ዳንሰኞች ጋር ሲሠሩ ቆይተዋል። በአውስትራሊያ አደሌድ ከተማ ሬስትለስ የሚባለው ቡድን በ1991 ተመሥርቶ ጉዳት ያለባቸውንና የሌለባቸውን ዳንሰኞች በአንድ መድረክ ያሰልፋል። (ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጆቹ ናቸው።) ነገሩ የትናንት ሙከራ አይደለም፤ የአርባ ዓመት ልምድ አለው።

ታዲያ ክፍሉ በምን ይለያል?

አካታች የዳንስ ክፍል ሲባል ውድ ዕቃ የሚፈልግ ይመስላል። አይፈልግም። በአብዛኛው የሚቀየረው የማስተማሪያ መንገዱ ነው።

አቀማመጥ፦ ረድፍና መስታወት ይቀርና ክብ ይሠራል። በክብ ውስጥ የኋላ ረድፍ የለም። ሁሉም ሰው ስሙን ከአንድ እንቅስቃሴ ጋር ይናገራል፣ ሌላው ያንኑ ይደግማል። ገና ከመጀመሪያው ደቂቃ እያንዳንዱ ሰው አንዴ መርቷል ማለት ነው።

መመሪያ፦ አንድ በአንድ። «አምስት፣ ስድስት» ከማለት ይልቅ በምስል ይነገራል፦ «ትከሻህ ላይ ዝናብ አለ፣ አራግፈው»። ብዙ ከማውራት ማሳየት ይሻላል። ካሳዩ በኋላ ደግሞ ዝም ብሎ መጠበቅ። አሥር ሰከንድ ለአስተማሪ ረጅም ነው፤ ለሚያስብ ሰው ግን ልኩ ሊሆን ይችላል።

ቅደም ተከተል፦ ክፍሉ ሁልጊዜ በተመሳሳይ መንገድ ተጀምሮ በተመሳሳይ መንገድ ያልቃል። የዕለቱ ፕሮግራም በሥዕል ግድግዳ ላይ ይለጠፋል። ቀጥሎ ምን እንደሚመጣ ማወቅ በተለይ ኦቲዝም ላለበት ሰው ጭንቀትን ይቀንሳል።

ድምፅ፦ ስፒከሩ ይቀነሳል፤ ለደከመው ወይም ለተረበሸ ሰው ጸጥ ያለ ጥግ ይዘጋጃል። ወጣ ብሎ መመለስ ጥፋት አይደለም።

መተርጎም፦ ስቶፕጋፕ የሚባለው የእንግሊዝ የዳንስ ቡድን የሚታወቀው በዚህ ነው። አንድ እንቅስቃሴ ለአንድ ዳንሰኛ ካልሆነ «ተወው» አይባልም፣ ወደ ልጅ ጨዋታም አይወርድም። የእንቅስቃሴው ሐሳብ ምን ነበር? መዝለሉ ወይስ መነሳቱ? ያ ሐሳብ ተይዞ በዚያ ሰው አካል ይተረጎማል።

አጃቢ፦ እህት ወይም ረዳት አብራ ከመጣች ወንበር ላይ ተቀምጣ «እንዲህ አድርግ» እያለች አትጮህም፤ ገብታ ትጨፍራለች። በእሱ ምትክም አትመልስም።

አሁን ወደ አሰልጣኙ ፍርሃት እንመለስ። «ቢጎዳብኝስ?» ላለው፣ ማወቅ ያለበት ነገር ብዙ አይደለም። ዳውን ሲንድሮም ይዘው ከሚወለዱ ሕፃናት ግማሽ ያህሉ ከልብ ችግር ጋር ነው የሚወለዱት፤ ስለዚህ ከመጀመር በፊት ሐኪም መጠየቅ ግድ ነው። አንዳንዶቹ ላይ ደግሞ የአንገት የላይኛው መገጣጠሚያ ይላላል። መገለባበጥ፣ በጭንቅላት መቆም እና አንገት በኃይል የሚወዛወዝበት እስክስታ ሐኪም ሳያይ አይሞከርም። የአንገት ሕመም፣ የእጅ መደንዘዝ ወይም የአረማመድ ለውጥ ከታየ ዳንሱ ይቆማል፣ ወደ ሐኪም ይኬዳል። ከዚህ ውጪ ማሟሟቅ፣ ውሃ፣ እረፍት ለማንም እንደሚደረገው ነው።

ሌላም አለ። የአእምሮ እድገት ውስንነት ያለባቸው ሰዎች ለጥቃት የበለጠ ተጋላጭ ናቸው። ጥሩ ክፍል ሰው ከመንካቱ በፊት ይጠይቃል፣ አንድ አሰልጣኝና አንድ ተማሪ በዝግ ክፍል ብቻቸውን አይሆኑም፣ ቤተሰብ መጥቶ ማየት ቢፈልግ በሩ ክፍት ነው። «አይቻልም» የሚል ክፍል ካጋጠማችሁ ልጃችሁን ይዛችሁ ውጡ።

መድረክ ላይ የሚወስነው ማነው?

እስካሁን ያወራነው ስለ መማር ነው። ቀጥሎ ያለው ጥያቄ ከበድ ይላል፦ መድረክ ሲወጡ ማን ይመርጣል፣ ማን ይወስናል?

በ2012 ፈረንሳዊው ኮሪዮግራፈር ጄሮም ቤል ሆራ ከሚባለው የዙሪክ ቲያትር ቡድን ጋር አንድ ሥራ አቀረበ። ተዋንያኑ የአእምሮ እድገት ውስንነት ያለባቸው ናቸው። እያንዳንዳቸው በመረጡት ሙዚቃ የራሳቸውን ዳንስ ፈጠሩ። ቤል ሰባቱን ብቻ መረጠ። መድረኩ ላይ ይህ በግልጽ ለተመልካች ይነገራል፤ መጨረሻ ላይ ግን ያልተመረጡትም ወጥተው ይጨፍራሉ። ተዋንያኑ ቤተሰባቸው ሥራውን አይቶ ምን እንደተሰማው ጭምር ይናገራሉ፤ ቅር የተሰኙም ነበሩ።

ሥራው ብዙ ሀገር ዞሯል፣ ብዙም አከራክሯል። «ሰውን ለትርዒት ማቅረብ ነው» ያሉ ነበሩ። «ለመጀመሪያ ጊዜ እንደ አርቲስት አየናቸው» ያሉም ነበሩ። ከተዋንያኑ አንዷ ዩሊያ ሆይዘርማን በ2013 በርሊን ላይ ለወጣት ተዋንያን የሚሰጠውን የአልፍሬድ ኬር ሽልማት ወስዳለች። እኛ ክርክሩን እዚህ አንፈታውም። ግን የሰርጉን ቪዲዮ የምናይበትን ዓይን ይቀይራል፦ ልጁን እያየነው ነው ወይስ እያደነቅን እያለፍነው?

የስቶፕጋፑ ክሪስ ፓቪያ አንድ እርምጃ ወደ ፊት ሄዷል። ዳውን ሲንድሮም አለበት፤ በቡድኑ ውስጥ ሰልጥኖ ዳንሰኛ ሆነ፣ ከዚያም ኮሪዮግራፈር። ሌሎቹን ዳንሰኞች «እዚህ ቁሙ፣ በዚህ ግቡ» የሚለው እሱ ነው።

ለዚህ ነው ዳንስን እንደ ሕክምና ብቻ ማየት የማይበቃው። ለሚዛን፣ ለጡንቻ፣ ለጓደኝነት ይጠቅማል፤ እውነት ነው። ግን እናንተ ዳንስ የምትማሩት ለጉልበታችሁ ጤና ነው? ስለምትወዱት ነው። ጎበዝ መሆን ስለምትፈልጉ ነው። እነሱም እንደዚያው።

እኛ ሀገርስ?

ሕጉ አለ። ኢትዮጵያ የአካል ጉዳተኞችን መብት የሚመለከተውን የተባበሩት መንግሥታት ስምምነት በ2010 አጽድቃለች። አንቀጽ 30 ስለ ባህል፣ መዝናኛና ስፖርት ነው። ሀገራት እነዚህ ሰዎች የፈጠራና የጥበብ ችሎታቸውን እንዲያሳድጉ ማመቻቸት አለባቸው ይላል፤ ለራሳቸው ጥቅም ብቻ ሳይሆን ኅብረተሰቡም እንዲያተርፍ። ሕገ መንግሥታችን አንቀጽ 9 ላይ ደግሞ የጸደቀ ዓለም አቀፍ ስምምነት የሀገሪቱ ሕግ አካል ነው ይላል። ስለዚህ የዳንስ ክፍል ስጦታ ሳይሆን መብት ነው።

ልምዱም ከዜሮ አይጀምርም። በ1990ዎቹ አዲስ አበባ ላይ እንግሊዛዊው ኮሪዮግራፈር ሮይስተን ማልዱም ጎዳና ላይ ከነበሩና ከድሃ ቤተሰብ ከመጡ ልጆች ጋር መሥራት ጀመረ። ከዚያ አዱኛ የሚባለው የዳንስ ቡድን ወጣ። ቆይቶም በለንደን ካንዱኮን ከመሠረቱት ሁለት ሰዎች አንዱ የሆነው አዳም ቤንጃሚን መጥቶ ከአዱኛ ጋር ሠራ፤ አካል ጉዳተኛ ወጣቶችም ዳንስ ሰለጠኑ። ከአዱኛ ከወጡት መካከል ጁነይድ ጀማል ሰንዲና አዲሱ ደምሴ ኋላ ዴስቲኖ የሚባለውን የዳንስ ቡድን መሠረቱ። «ጎዳና ያደገ ልጅ ዘመናዊ ዳንስ ምን ያደርግለታል?» ለተባለው ጥያቄ መድረክ ላይ መልስ ሰጥተዋል። አሁን ተመሳሳይ ጥያቄ የሚጠየቀው የአእምሮ እድገት ውስንነት ላለባቸው ልጆች ነው።

ልጆቹን የሚያውቁ ተቋማትም አሉ። ዘሚ የኑስ በ2002 የመሠረተችው ጆይ የኦቲዝም ማዕከል፣ ነህምያ የኦቲዝም ማዕከል፣ በዳውን ሲንድሮም ላይ የሚሠራው ዲቦራ ፋውንዴሽን። በሌላ በኩል በየሰፈሩ የሚለማመዱ የዳንስና የባህል ውዝዋዜ ቡድኖች አሉ። አንዱ ልጆቹን ያውቃል፣ ሌላው ዳንሱን ያውቃል። የጎደለው ሁለቱን የሚያገናኝ ሳምንታዊ አንድ ሰዓት ነው።

ደግሞ እኮ እስክስታ ራሱ ለዚህ የተመቸ ነው። በመስታወት ፊት አይደለም የተማርነው። በክብ ቆመን፣ ፊት ለፊት ተያይተን፣ አንዱ ሲያወርድ ሌላው እየተቀበለ ነው። ማንም «አምስት፣ ስድስት» ብሎ አልቆጠረልንም። እናታችን ትከሻዋን አሳየችን፣ እኛ መለስንላት። እነዚያ የውጭ ቡድኖች ብዙ ደክመው የደረሱበት መንገድ ግማሹ ሰርግ ቤታችን ውስጥ አለ።

ከነገ ጀምሮ ምን ይቻላል?

የዳንስ ቡድን ካላችሁ፦ በሳምንት አንድ ሰዓት፣ ለስድስት ወይም ለስምንት ሰው ክፈቱ። አጠገባችሁ ያለ የልዩ ፍላጎት ትምህርት ክፍል ወይም ማዕከል ሂዱና አስተማሪዎቹን ጠይቁ። ልጆቹን ራሳቸውንም ጠይቁ፦ ምን ዘፈን ትወዳለህ? ምን ይረብሽሻል?

እህት ወይም ወንድም ከሆናችሁ፦ ሳሎን በቂ ነው። አንድ ዘፈን፣ ፊት ለፊት ቁሙ፣ አንዴ እናንተ ምሩ፣ አንዴ እሱ ይምራ። ቤተሰብ ልጁ ሲመራ ካየ ወደ ውጭ ለመላክ ያለው ፍርሃት ይቀንሳል።

ፕሮግራም የምታዘጋጁ ከሆነ፦ ዳንሰኛ ስትጋብዙ ለሌላው የምትከፍሉትን ክፈሉት። «ዕድል ሰጠነው» ክፍያ አይደለም።

ስልካችሁን ካወጣችሁ፦ ከመቅረጻችሁ በፊት ልጁን ጠይቁት፣ በሚገባው ቃል። «ይሄን ብዙ ሰው ያየዋል፣ ልለጥፈው?» «አይ» ካለ አይ ነው። «እሺ» ካለም ከሥሩ የምትጽፉትን አስቡበት። «አስለቀሰኝ» ከማለት «ትከሻው እንዴት እንደያዘ ተመልከቱ» ማለት ይሻላል። አንደኛው ስለ እናንተ ነው፣ ሁለተኛው ስለ ዳንሱ።

ያ ቪዲዮ ነገም ከነገ ወዲያም ስክሪናችሁ ላይ ይመጣል። ላይክ አድርጉ፣ ችግር የለም። ግን ላይኩ ልጁን ማክሰኞ ከሰዓት ልምምድ ቦታ አያደርሰውም። የሚያደርሰው በሩን የሚከፍትለት ቡድን፣ «ግራ ትከሻህ ዘገየ፣ እስቲ እንደገና» የሚለው አሰልጣኝ ነው።

እናንተ ሰፈር እንዲህ አይነት ክፍል ካለ፣ ወይም ቡድናችሁ ለመጀመር ከፈለገ ጻፉልን። ሰብስበን እዚሁ ገጽ ላይ እናወጣዋለን።